ደዌውን ከድውዩ ስለ መሰወር

ከአምደኛው፣ ድሬዳዋ

በድሬዳዋ ከተማ፣ በከዚራም ሆነ በገንደ ቆሬ፣ በካንሰር የተያዘ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ባለበት ቤት አንድ ልማድ እንደ ሥርዓት ተጠብቆ ይኖራል፤ ይኸውም የምርመራው ውጤት በወጣ ጊዜ እውነቱ ለአባት ወይም ለታላቅ ወንድም በምሥጢር ተገልጦ፣ ደዌው በሥጋው ያደረበት ባለቤቱ ግን «ትንሽ እጢ ናት፣ በመድኃኒት ትጠፋለች» ተብሎ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። ጎረቤት ያውቃል፣ ዕድርተኛው ያውቃል፣ ለታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ የሚወጣው ዘመድም ስለ እርሱ ለቅዱስ ገብርኤል ይሳላል፤ ስለቱ ስለ ምን እንደ ሆነ የማያውቀው የተሳሉለት ሰው ብቻ ነው።

ልማዱ ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ እናት «ከሰማ ተስፋ ቆርጦ ቶሎ ይሞትብኛል» ብላ ስለምትፈራ ነው፤ ፍርሃቷም የርኅራኄ ልጅ ነው። ነገር ግን መርዶን እንኳ በማለዳ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ቃል መርጦ፣ ሐዘንተኛው እንዳይወድቅ ደጋፊ አቁሞ መንገርን ያወቀ ሕዝብ፣ ለሕያው ሰው የገዛ ደዌውን የሚነግርበት ሥርዓት አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ዝምታው ነፍስን ብቻ ሳይሆን ሥጋንም ይጎዳል። በአውሮፓና በአሜሪካ በአብዛኛው ወደ ስድሳ ዓመት በተጠጉ ሰዎች ላይ የሚታየው ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ የተባለው የደም ካንሰር፣ በእኛ አገር በሠላሳዎቹ ዕድሜ ባሉት ላይ በብዛት ይታያል። ኢማቲኒብ የተባለው እንክብል ማክስ ፋውንዴሽን በተባለው ድርጅት አማካይነት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ያለ ዋጋ ሲታደል ኖሯል፤ ዕድሜን የሚያራዝመው ግን በየቀኑ ሳይቋረጥ ለዓመታት ሲዋጥ ነው። እንግዲህ የሚውጠው ስለ ምን እንደ ሆነ ያልተነገረው ወጣት፣ ላቡ ደረቀ፣ የሆዱ እብጠት ጎደለ ብሎ እንክብሉን ቢተው፣ ጥፋቱ የእርሱ ነው ለማለት የሚደፍር ይኖር ይሆን?

ኬሞቴራፒም ዘርን ሊያመክን ስለሚችል፣ ልጅ የመውለድ ነገር መድኃኒቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ ሊነሣ ሲገባው፣ ለታጨች ልጅ ምሥጢሩ የሚገለጥላት ጠጉሯ ከረገፈ በኋላ፣ ያውም ከጎኗ ከተኛች ሌላ ታማሚ አፍ ነው። እጮኛዋ ከእርስዋ ቀድሞ ሰምቶ መቅረቱ ደግሞ ከደዌው የማይተናነስ ሕማም ነው።

የጨረር ሕክምና ለብዙ ዘመን በአገሪቱ በጥቁር አንበሳ ብቻ ስለ ነበረ፣ ድሬዳዋ የሚኖር ታማሚ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወራት ወረፋ ይጠብቅ ነበር፤ አሁን በ55 ኪሎ ሜትር ርቀት በሐረር፣ በሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ማዕከል መቋቋሙ መልካም ነገር ነው። ሆኖም ጨረሩ በሳምንት አምስት ቀን ለሳምንታት የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ተማሪው ለኮሌጁ፣ ሠራተኛውም ለአሠሪው የሚያቀርበው ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ደዌው የተሰወረበት ሰው ምን ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል?

አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ባጡ ጊዜ ሐዘናቸውን በጓዳ ቢሸሽጉት ኖሮ፣ በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ባልኖረ ነበር። ስለ ሕፃን እንዲህ በግልጽ ከተነገረ፣ መምረጥ፣ ማግባትና ውል መፈረም የሚችለው ጎልማሳ ስለ ራሱ እንዳይሰማ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

የድል ጮራና የሳቢያን ሆስፒታሎች ሐኪሞች ሆይ፣ ውጤቱ በወጣ ዕለት አስቀድማችሁ ታማሚውን ራሱን ጥሩት፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚሻና ማን አብሮት እንዲሰማ እንደሚወድ ጠይቁትና በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም፣ ንገሩት። እናንተም ወላጆች፣ ልጃችሁ እስኪጠራችሁ ድረስ ከበሩ ውጭ ታገሡ።