57ቱን ተዋቸው

የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ 57ቱን ተዋቸው። የሩቢክስ ኪዩብን የመጨረሻ ንብርብር ቀለም ለማቅናት ከስልክ እየገለበጣችሁ የምትሸመድዷቸውን 57 ፎርሙላዎች ማለቴ ነው። ፈጣን አያደርጓችሁም። አዋቂም አያደርጓችሁም። እንቅልፋችሁን ወስደው በምትኩ የጣት ልማድ ብቻ ይሰጧችኋል።

ፒያሳም ይሁን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወይም ሐረጎን በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ኪዩብ የያዘ ልጅ ሳገኝ ወሬያችን ከሁለት ጥያቄ አያልፍም። «ስንት ፎርሙላ ይዘሃል?» እና «ቀጥሎ የትኛውን ልግዛ?» ሁለቱም ያናድዱኛል። አንዱ እውቀትን በቁጥር ይለካል፣ ሌላው ችሎታን ከሱቅ ይፈልጋል። «ይህ ፎርሙላ ለምን ይሠራል?» የሚል ልጅ ግን አጣሁ።

እስቲ እንተሳሰብ። አብዛኞቻችሁ የምትከተሉት የጄሲካ ፍሪድሪች ዘዴ አራት ደረጃ አለው። መስቀሉን ትሠራላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ንብርብሮች ታጣምራላችሁ፣ የመጨረሻውን ንብርብር ቀለም ታቀናላችሁ፣ በመጨረሻም ቁራጮቹን ቦታ ቦታቸው ታስገባላችሁ። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች 57 እና 21፣ በድምሩ 78 ፎርሙላ አለ። እያንዳንዱን ደረጃ ለሁለት ከፍሎ ለሚሠራ ሰው ግን 10 እና 6፣ በጠቅላላው 16 ይበቃዋል። በ40 ሰከንድ የሚፈታ ልጅ ከ10 ወደ 57 ተሻግሮ የሚያተርፈው አንድ ሁለት ሰከንድ ነው! ሰዓቱን የሚበላው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ንብርብሮች ሲያጣምር እጁ ይቆማል፣ ኪዩቡን እያገላበጠ ቀጣዩን ቁራጭ ይፈልጋል። መስቀሉ ኪዩቡ የፈለገውን ያህል ቢመሳቀል ከ8 እርምጃ በላይ አይፈጅም። የውድድር ሕግ ደግሞ ከመጀመሩ በፊት አይቶ ለማሰብ 15 ሰከንድ ይፈቅዳል። በነዚያ 15 ሰከንዶች መስቀሉን በሐሳቡ ጨርሶ የሚነሳ ልጅ 57 ፎርሙላ ከያዘው ጓደኛው ይቀድማል። ቦታ የሚያስይዙትን 21ዱን ተማሩ፣ እነሱ ድካማችሁን ይከፍላሉ። 57ቱ ይቆዩ።

ሚን ታይ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1982 ቡዳፔስት ላይ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ሲያሸንፍ የፈጀበት 22.95 ሰከንድ ነበር። ያኔ ማግኔት የገባበት ኪዩብ የለም፣ የሚያስተምር ቪዲዮም የለም። ኤርኖ ሩቢክ ራሱ በ1974 የሠራውን ኪዩብ ለመፍታት አንድ ወር ገደማ ፈጅቶበታል። ፎርሙላውን ከማን ይቅዳ? የዛሬው ሠንጠረዥ ስሟን የተሸከመው ፍሪድሪችም በያኔዋ ቼኮዝሎቫኪያ እያሰላችና እየሞከረች ነው መንገዷን ያበጀችው። እናንተ የእነዚህን ሰዎች መልስ ተቀብላችሁ ጥያቄያቸውን ጣላችሁት።

«ለምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከመልሱ ይቀልላል። አንድ ነገር አድርግ፤ ሌላ ነገር አድርግ፤ የመጀመሪያውን ወደ ኋላ መልስ፤ ሁለተኛውንም ወደ ኋላ መልስ። ሁለቱ ድርጊቶች የሚገናኙት በአንድ ቁራጭ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ የቀረው ሁሉ ወደነበረበት ይመለስና ሦስት ቁራጮች ብቻ ቦታ ይለዋወጣሉ። የቀኙን ፊት በማዞር አንድ በሉ፤ የላዩን አዙሮ፣ ግራውን አዙሮ፣ የላዩን መመለስን ደግሞ ሁለት በሉ። ከነመመለሻቸው ሲደመር ስምንት እርምጃ ነው፣ ሦስት ጥጎችንም ያዛውራል። ይህ የገባው ሰው አራት በአራቱን፣ ሜጋሚንክስና ስኪውብ የሚባሉትን የኪዩብ ዘመዶችም ከማንም ሳይለምን ይፈታል። በሁሉም የሚሠራው ያው ሐሳብ ነውና።

ወሎ ይህን ልዩነት ማወቅ ነበረበት። የዋድላ ቅኔ አገር ነው። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግስ ይገሥሣል፣ አገባብ ያጠናል፤ ያን መያዝ ግዴታው ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሌላውን ቅኔ አጥንቶ ቢመጣ ማን ይቀበለዋል? የራሱን ቆጥሮ፣ አዲስ አድርጎ መምህሩ ፊት ያቀርባል። 16ቱ ፎርሙላ ግሳችሁ ነው፣ ቅኔያችሁስ የታለ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ቀጥሎ ምን ልግዛ?» እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የዓለም ኪዩብ ማኅበር በእግር መፍታትን ከ2020 ጀምሮ ሲሰርዝ 17 የውድድር ዓይነት ቀረው። አስራ ሰባት ሲባል አስራ ሰባት ዕቃ የሚመስለው ልጅ ብር ማጠራቀም ይጀምራል። አብሽር፣ ምንም አትግዛ። በእጅህ ያለው ሦስት በሦስት ብቻውን አራት ውድድር ያስገባሃል፦ ተራውን፣ በአንድ እጅ፣ ዓይን ተሸፍኖ፣ በጥቂት እርምጃ። ስድስት በስድስቱና ሰባት በሰባቱ ትዕግሥት ይፈትናሉ እንጂ ያው ሦስት በሦስት ናቸው፣ ሥራው በዛ እንጂ ሐሳቡ አልጨመረም። የግድ አዲስ ዕቃ ካማረህ ስኪውብ ይሁን። በጥጉ በኩል ተሰንጥቆ ስለሚዞር ዓይንህን እንደ አዲስ ያስተምረዋል፣ ፎርሙላውም ጥቂት ነው።

እኔ ግን ዓይን ተሸፍኖ መፍታትን ምረጡ እላለሁ፤ ይህን ስል ሙሉ ልቤን ይዤ ነው። ኪዩቡን አይተህ ታጠናለህ፣ ዓይንህን ትሸፍናለህ፣ ትፈታለህ። ያጠናህበትም ጊዜ ይቆጠራል። በስቴፋን ፖክማን የቆየ ዘዴ ለመጀመር የሚያስፈልገው ፎርሙላ ከ21ዱ ውስጥ ጥቂቱ ብቻ ነው። የቀረው ንባብ ነው። 12ቱ ጠርዞች ሁለት ሁለት ቀለም አላቸው፣ 24 ይሆናሉ። 8ቱ ጥጎች ሦስት ሦስት አላቸው፣ እነሱም 24። ለእያንዳንዱ ፊደል ትሰጠዋለህ፣ መመሳቀሉንም እንደ ጽሑፍ ታነበዋለህ።

ታዲያ ልጆቻችን ይህን ሲጀምሩ የሚገለብጡት የእንግሊዝኛውን ፊደል ነው። ለምን? የራሳችሁን ፊደል ዘርጉት። ከ33ቱ የአማርኛ ፊደላት በድምፅ የሚደጋገሙትን ሐን፣ ኀን፣ ኸን፣ ሠን፣ ዐን፣ ፀን አውጡ። በቃል ውስጥ ብዙም የማይገጥሙትን ዠን፣ ጰን፣ ፐን ደግሞ ጨምራችሁ አውጡ። የሚቀረው 24 ነው። ልክ 24! ሰባቱ የድምፅ ዓይነቶች ነጻ ስለሆኑ ሁለት ፊደል ሲጋጠም ቃል ማግኘት ቀላል ነው። ለ እና መ ላም ነው፣ ሎሚም ነው። በ እና ረ በር፣ በሬ፣ ብር። ጠ እና ሰ ጦሳ፤ ሀ እና ጠ ሆጤ፤ ደ እና ሰ ራሷ ደሴ። በእንግሊዝኛ የሚያጠና ሰው ሁለት ተነባቢ ሲጋጠሙበት ብዙ ጊዜ ቃል ያጣል፤ እኛ ከሦስት አንዱን እንመርጣለን። አንድ ኪዩብ ከሞላ ጎደል 10 ጥንድ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ሐረጎን ወጥታችሁ ፒያሳ እስክትገቡ በምታውቁት መንገድ ላይ አሥር ቦታ ምረጡና አሥሩን ቃል በየቦታው አስቀምጡ፤ ላሟ ቦርከና ድልድይ ላይ ቆማ መኪና ትከልክል፣ በሬው መታጠፊያው ላይ ይተኛ። ዓይናችሁን ስትሸፍኑ በመንገዱ ሂዱ።

«ሽምደዳን ተው ብለህ መልሰህ ሽምደዳ ታስተምረናለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ያነበቡትን መያዝና ያልገባቸውን መድገም አንድ አይደሉም። ደግሞስ በቃል መያዝ ለወሎ እንግዳ ነው? ቁርኣንን ሙሉውን በልቡ የያዘ ሐፊዝና ድጓውን የዘለቀ መርጌታ በአንድ ሠፈር የሚኖሩበት አገር ነው። አሜሪካዊው ግራሃም ሲጊንስ በ2022 በአንድ ሰዓት ውስጥ 65 ኪዩብ አጥንቶ፣ ዓይኑን ሸፍኖ 62ቱን ፈታ። ዓለም ተደነቀ። እኔም አደነቅሁ፤ ከዚያም የእኛን ደረሳና የእኛን የቆሎ ተማሪ አሰብኩ። ይህን ጉልበት ይዘን ለጣት ልማድ መሸነፋችን ያቃጥለኛል።

ሌላው ምርጫዬ በጥቂት እርምጃ መፍታት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቶማስ ሮኪኪና ባልደረቦቹ በከፍተኛ የኮምፒውተር ስሌት እንዳረጋገጡት፣ ከ43 ኩዊንቲሊዮን በላይ ከሚሆኑት የኪዩብ አቀማመጦች ከ20 እርምጃ በላይ የሚፈልግ አንድም የለም። 78ቱን ፎርሙላ የጨረሰ ፈጣን ልጅ ግን 55 ወይም 60 እርምጃ ይራመዳል። ጣሊያናዊው ሰባስቲያኖ ትሮንቶ በ2019 በውድድር ላይ በ16 እርምጃ ፈታ። በዚህ ውድድር የጣት ፍጥነት፣ ውድ ኪዩብ፣ ማግኔት ምንም አይፈይዱም። አንድ ሰዓት፣ ወረቀት፣ እስክሪብቶና የራስህ ሐሳብ ነው።

ስለዚህ ወይዘሮ ስሂን፣ ሆጤ፣ መምህር አካለወልድ፣ እንዲሁም የኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች የሂሳብ መምህራን ሆይ፣ ኪዩቡን ከተማሪው እጅ አትቀሙት። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ክፍል ክፈቱ። አንድ መመሳቀያ በሰሌዳ ላይ ጻፉ፣ ወረቀት አድሉ፣ ስልክ ሰብስቡ፣ አንድ ሰዓት ስጡ። ሲያበቃ ወረቀት ተቀያይረው ይተራረሙ፤ በጥቂቱ እርምጃ የጨረሰው ተነስቶ እያንዳንዷን ለምን እንዳደረጋት ያስረዳ።