ከዳኛው ፊት ሳንደርስ

በልትስቪል የቆያችሁ አንባቢያን መስከረም 14 ቀን 1994 ዓ.ም.ን የምትዘነጉት አይመስለኝም። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2001 መሆኑ ነው። በእንቁጣጣሽ ዕለት ኒውዮርክና ፔንታገን ከተመቱ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም። ሰው ሁሉ ዓይኑን ሰማይ ላይ ተክሎ አውሮፕላን ሲፈራ፣ የመጣው ግን ሌላ ነበር። ቶርኔዶ የሚሉት አውሎ ነፋስ አመሻሹ ላይ ኮሌጅ ፓርክን መትቶ፣ በልትስቪልን አቋርጦ ወደ ሎረል አለፈ። የግብርና ምርምር ማዕከሉ ሕንፃዎች ተጎዱ። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት እህትማማች ተማሪዎች ሕይወታቸው አለፈ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሰው «ምን በድለው ይሆን?» ይላል። ጌታ ይህን ጥያቄ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 መልሶታል። በሰሊሆም ግንብ ተንዶ 18 ሰዎችን በገደለ ጊዜ፣ ሟቾቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የከፉ ኃጢአተኞች አለመሆናቸውን ተናግሮ፣ ነገሩን ወደ ጠያቂዎቹ መለሰባቸው። እናንተስ ንስሐ ገብታችኋል ወይ ማለቱ ነው። አደጋው በሞቱት ላይ የተሰጠ ፍርድ ሳይሆን ለቀረነው የተደወለ ደወል ነው።

በየዓመቱ የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ ስለ ዳግም ምጽአት እንሰማለን። ከቅዳሴ ስንወጣ ግን ወሬያችን ዘመኑን መቁጠርና ሐሳዊ መሲሕ ማን እንደሆነ መገመት ነው። መላእክት እንኳ የማያውቁትን ቀን እኛ ፓርኪንግ ላይ ቆመን ልናሰላው! ቀኑ ተሰውሮብናል፤ የፈተናው ጥያቄ ግን አስቀድሞ ተነግሮናል። የተራበ፣ የተጠማ፣ እንግዳ፣ የታረዘ፣ የታመመ፣ የታሰረ። ማቴዎስ 25 ላይ ስድስቱም ተዘርዝረዋል። እንግዳነትንማ እኛ ስደተኞች ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

አሁን የራሴን ልናገር። አዲስ አበባ ሳለን በአንድ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል አብረን የሠራን ጓደኛ ነበረኝ። ስደት ላይ እሱ በአንዱ ወገን፣ እኔ በሌላው ቆምን። አንድ ምሽት ስብሰባ ላይ ክፉ ቃል ተናገርኩት። ከዚያ በኋላ 11 ዓመት አልተነጋገርንም። ቤቱ እዚሁ በልትስቪል ነው፤ ከእኔ ቤት በመኪና 15 ደቂቃ። ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ አላጣሁም። «ለምን እኔ እቀድማለሁ?» እያልኩ ነው የከረምኩት።

አንድ ሐሙስ ሌሊት በልብ ሕመም ማረፉን በስልክ ሰማሁ። ለቅሶው ቤት ቀድሜ ደረስኩ። ወንበር ደረደርኩ፣ ገንዘብ አዋጣሁ፣ ሬሳ ሸኘሁ። ሦስቱን ቀን አልተለየሁም። በሠልስቱ ባለቤቱ እጄን ይዛ «አንድ ቀን ስምህን በክፉ አንሥቶ አያውቅም» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጌታ በተራራው ስብከቱ፣ ባላጋራህ ወደ ዳኛው ሳያደርስህ ገና በመንገድ ሳላችሁ ተስማማ ሲል ያስተማረውን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። መታረቂያው መንገዱ ነው። ከዳኛው ፊት ከደረሱ በኋላ ሽማግሌ የለም።

አባቶቻችንም ይህን አሳይተውናል። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ለሁለት ተከፍለው፣ ተወጋግዘው የኖሩት ሲኖዶሶች ሐምሌ 2010 ዓ.ም. እዚሁ ዋሽንግተን ላይ ታረቁ፤ ውግዘቱም ተነሣ። አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ገብተው፣ የካቲት 2014 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። እሰየው ነው። ነገር ግን ያን ቀን ሳያዩ በባዕድ አፈር የተቀበሩት ስንቱ ናቸው? በየማኅበሩና በየፓርቲው ተኳርፈን የምንኖር እኛስ ማንን እየጠበቅን ነው?

አሥሩ ቆነጃጅት ሁሉም መብራት ነበራቸው። አምስቱን ውጭ ያስቀራቸው ዘይት ማጣታቸው ነው፤ ዘይቱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ከጓደኛ የሚበደሩት አልሆነም። የእኔ ዘይት አንድ የስልክ ጥሪ ነበር፤ 11 ዓመት ሙሉ ሳልደውል ቀረሁ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ፤ የእግዚአብሔር ምሕረት ሰፊ ነው። ጓደኛዬ ግን ድምፄን አልሰማም።

ውድ አንባቢ፣ አንተም፣ አንቺም የምታውቁት አንድ ቁጥር አለ። ይህን ጋዜጣ ከማጠፋችሁ በፊት ደውሉ። ቢያነሣም ባያነሣም እናንተ ደውሉ።

በቸር ያገናኘን።