ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ስሙ ይመለስለት



እዚህ አንገር ጉቲን ለመጋዘን ጠባቂ ሲፈለግ ወይም ባጃጅ ለሹፌር ሲሰጥ ቶሎ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «ያ ሰው ታስሮ አልነበረም እንዴ?» መጠየቁ ነውር የለበትም። ንብረቱን አደራ የሚሰጥ ሰው ይጠይቃል። ነገር ግን ሰውየው ቅጣቱን ጨርሶ፣ የበደለውን ክሶ፣ ስንት ዓመት በሰላም ከኖረ በኋላም መልሱ «እሱማ ሌባ ነው» ብቻ ከሆነ፣ ዳኛ የፈረደው የሁለት ዓመት እስራት በእኛ አፍ የዕድሜ ልክ ሆነ ማለት ነው።

ሕጉ እንኳ እንዲህ አይጨክንም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ ዛሬ የሚሠራበት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ «መሰየም» የሚባል ሥርዓት አላቸው። ባጭሩ፣ ፍርድ ቤት የተቀጣውን ሰው መልካም ስም ይመልስለታል። ቅጣቱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ይህ ግን ቁጭ ብለው ሲጠብቁት አይመጣም። ለፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል። ቅጣቱ ጽኑ እስራት ከነበረ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ሌላ ከሆነ ቢያንስ 2 ዓመት ማለፍ አለበት። የሚቆጠረውም ቅጣቱ ካለቀበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በመካከሉ ጠባዩ መልካም መሆን፣ በእስራት የሚያስቀጣ ሌላ ጥፋት አለመፈጸም፣ የተፈረደበትንም ካሣ አቅሙ በፈቀደ መጠን መክፈል ይጠበቅበታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በበዓል ዋዜማ በይቅርታ የተፈታ ሰው «ነጻ ወጣሁ» ብሎ ይተወዋል። ይቅርታ ቀሪውን ቅጣት ያስቀራል እንጂ መዝገቡን አይፍቅም። ኋላ ለሥራ ወይም ለውጭ አገር ጉዞ ከፖሊስ ማስረጃ ሲጠየቅ የድሮው ፍርድ ብቅ ይላል። ስለዚህ እሱም ጊዜው ሲደርስ ማመልከት አለበት።

«የተበደለውስ ሰው?» የሚል አይጠፋም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ካሣውና የጥበቃው ዓመታት የተደነገጉት ስለ እሱም ጭምር ነው። መሰየም ጥፋትን ማመስገን አይደለም፤ ጥፋቱን ከፍሎ የጨረሰን ሰው ዕዳ አለብህ አለማለት ነው። ከተሰየመም በኋላ የድሮ ቅጣቱን በክፋት እያነሡ መሳደብ በስም ማጥፋት ያስጠይቃል።

እንግዲህ ጊዜው የደረሰላችሁ የፍርዱን ግልባጭ፣ የመፈታታችሁንና ካሣ የመክፈላችሁን ማስረጃ አሰባስቡ። የሕግ ሰውም አማክሩ። የሠፈር ሽማግሌዎችና የእድር ዳኞች ስለ ሰው ጠባይ ስትጠየቁ ያያችሁትን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ መስክሩ። ሁላችንም ደግሞ በልጆቹ ፊት ሰውን በድሮ ጥፋቱ መጥራት እንተው። ልጁ ያልሠራውን ለምን ይሸከማል?

ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም። የዘንድሮውን አብረን እንሥራ።