ደረሰኝ፣ ደረሰልኝ፣ ደረሰብኝ

የአማርኛን ቋንቋ በሥራ ላይ ሆነው ለሚማሩ የመንግሥት ሠራተኞች በተመደበው በዚህ አምድ ዛሬ የምንመለከተው፣ በየጽሕፈት ቤቱ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ቃል ነው፤ እርሱም «ደረሰኝ» የሚለው ነው። ቃሉ እንደ ስም ሆኖ ቢነገርም በአፈጣጠሩ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ወደ እኔ መጣ፣ እጄ ገባ» ማለት ነው። በትግርኛ ቅብሊት የሚባለው ይኸው ወረቀት ስሙን ያገኘው ከመቀበል ሲሆን፣ አማርኛው ግን ከመድረስ ወስዶታል። ስለዚህ አንድ ሰው በደረሰኝ ላይ ሲፈርም «ገንዘቡ ደርሶኛል» ብሎ በራሱ አፍ መመስከሩ ነው።

ይህ ምስክርነት የሚከብደው በተለይ ለገጠር ልማትና ለእርሻ በተመደበው የመንግሥት ገንዘብ ላይ ነው። ገንዘቡ ከግምጃ ቤት ተነሥቶ ገበሬው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋልና፤ በየእጁም ደረሰኝ ይጻፋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 94፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የአስቸኳይ ጊዜ፣ የመልሶ ማቋቋምና የልማት እርዳታ እንዲሁም ብድር ለመስጠት እንደሚችል ይደነግጋል። በ1990ዎቹ አጋማሽም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በጊዜው በነበረው የደቡብ ክልል የመንግሥት ድጎማ እስከ ወረዳ ድረስ እንዲወርድ ተደርጓል።

ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ የሚያበጁት ሕጎች ሦስት ደረጃ ስላላቸው፣ የቋንቋው ተማሪ ስማቸውን ባያደባልቅ መልካም ነው። አዋጅን የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ደንብን የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ መመሪያን የሚያወጣው ደግሞ ሥልጣን የተሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። ለምሳሌ ያህል በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር ሕግ አዋጅ ቁጥር 648 ሲባል፣ ማስፈጸሚያው በ2002 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 190 ሆኖ ወጥቷል፤ ከዚያ በታች ያለው ዝርዝር ነገር በመመሪያ ይወሰናል። «መመሪያ» የሚለው ቃል «መራ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ መንገድ የሚያሳይ ማለት ነው እንጂ መንገድ የሚዘጋ ማለት አይደለም።

ሕጉ ጥብቅ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍያን የሚፈቅደው ሹምና ገንዘቡን የሚቈጥረው ገንዘብ ያዥ አንድ ሰው እንዳይሆኑ፣ ለአንድ ሥራ የተመደበው ገንዘብ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሥራ እንዳይዛወር፣ ግዢም በውድድር እንዲፈጸም የሚታዘዘው ገንዘቡ የብዙ ግብር ከፋይ ላብ ስለ ሆነ ነው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ፣ ወጪ አድራጊው ምንም ቅን ሰው ቢሆን፣ የሚመሰክርለት የለም። እንግዲህ ጥንቃቄን እንደ ሸክም የሚቈጥር ሠራተኛ የራሱን ጋሻ እንደ ጣለ ይቈጠራል።

ነገር ግን ገንዘብ የሚጠፋው በስርቆት ብቻ አይደለም፤ በመዘግየትም ይጠፋል። የአፍሪካ መንግሥታት በ1995 ዓ.ም. በማፑቶ ተሰብስበው ከበጀታቸው ቢያንስ ከመቶ 10 እጁን ለእርሻና ለገጠር ልማት ለመመደብ ቃል ገብተዋል፤ በ2006 ዓ.ም. በማላቦ ይህንኑ ቃል አድሰዋል። ሆኖም በጀት መመደብ የጉዞው መጀመሪያ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ሰኔና ሐምሌ ደግሞ የመኸር እህል የሚዘራባቸው ወራት ናቸው። ስለዚህ ሒሳብ ሹሙ አሮጌውን መዝገብ ለመዝጋትና አዲሱን ለመክፈት በጠረጴዛው ላይ በሚያጎነብስበት ሰሞን፣ ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ከማሳው ላይ ይገኛል። በሥራ ላይ ሳይውል የቀረ በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል፤ ያለፈ ዝናብ ግን ተመላሽ አይሆንም። በሐምሌ ለሚዘራ ጤፍ የታሰበ ማዳበሪያ በመስከረም ቢመጣ መጋዘን ያጣብባል እንጂ ማሳ አያለማም። አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት እንዲህ ላለው ነው።

እዚህ ላይ ሰዋስው ይርዳን። «ደረሰ» በሚለው ግሥ ላይ «ኝ» ቢጨመር «ደረሰኝ» ይሆናል፤ የነገሩን መምጣት ብቻ ይናገራል። «ልኝ» ቢጨመር «ደረሰልኝ» ይሆናል፤ በችግሬ ጊዜ መጥቶ ረዳኝ ማለት ነው። «ብኝ» ቢጨመር ግን «ደረሰብኝ» ይሆናል፤ ክፉ ነገር አገኘኝ ማለት ነው። አንዱ የመንግሥት ብድር በሦስቱም ሊነገር ይችላል። በወቅቱ የተሰጠ የማዳበሪያ ብድር ለገበሬው ደረሰለት። የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ የተሰጠው ግን፣ ምርት ሳያስገኝ ዕዳው ብቻ ስለሚቀር፣ ደረሰበት። መዝገቡ ሁለቱንም «ደረሰኝ» በሚል በአንድ ስም ይይዛቸዋል፤ ሒሳቡም ያለ አንድ ሳንቲም ጉድለት ይዘጋል። መርማሪው በመዝገቡ ውስጥ ያላገኘውን ጉድለት የቤቱ እመቤት ጎተራዋን ስትከፍት ታገኘዋለች። ዕዳ ለመክፈል በግ የሚሸጠው፣ ልጅም ከትምህርት ቤት የሚቀረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ወቅትን ያሰበ ደንብ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለማየት፣ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መመልከት ይጠቅማል። ፕሮግራሙ በየዓመቱ የምግብ እጥረት ለሚያገኛቸው የገጠር ቤተ ሰቦች ገንዘብ ወይም እህል እንዲሰጥ የታቀደ ነው። ጉልበት ያላቸው እርከን በመሥራት፣ ጎርፍ በመገደብና መንገድ በመጥረግ ይሠሩበታል፤ መሥራት የማይችሉ ሽማግሌዎችና በሽተኞች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ነፍሰ ጡርም ከጉልበት ሥራው እንድታርፍ ተደንግጓል። የማኅበረሰቡ ሥራ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት እንዲሆን የታሰበው የገበሬውን የእርሻ ጊዜ እንዳይሻማ ነው። በምርጫው ተበድያለሁ የሚልም አቤቱታውን ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያቀርብ መብት ተሰጥቶታል። ደንቡ እንዲህ የታሰበበት ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የክፍያው መዘግየት ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል። ለችግር ወራት የተመደበ ገንዘብ ከችግሩ ወራት በኋላ ሲመጣ ቤተ ሰቡ ፍየሉን አስቀድሞ ሸጦ ይቈያልና።

የወረዳ ሠራተኛ አዋጁን ለመለወጥ ሥልጣን የለውም፤ ነገር ግን በእጁ ያለው ነገር ጥቂት አይደለም። የግዢ ጥያቄውን ከዘር ወራት ወደ ኋላ እየቈጠረ በጊዜው ማዘጋጀት ይችላል። የጎደለውን ማስረጃ ሁሉ በአንድ ቀን መጠየቅ ይችላል፤ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ እየጨመረ ሰውን ከማመላለስ ይህ ይሻላል። መልሱ «አይሆንም» ቢሆንም እንኳ አንቀጹን ጠቅሶ በጊዜው ቢናገር፣ ባለጉዳዩ ሌላ መንገድ ለመፈለግ ፋታ ያገኛል።

ቋንቋም በዚህ ረገድ ሥራ አለው። «ጉዳይዎ በሒደት ላይ ነው» የሚለው አነጋገር ሰዋስው አልተሳሳተም፤ ለሰሚው ግን ምንም አይነግረውም። በዚህ ፈንታ «አባቴ፣ ማመልከቻዎ ደርሶናል፤ የጎደለው ከቀበሌ የሚመጣው ማስረጃ ብቻ ነው፤ እስከ ሐሙስ ቢያመጡልን ክፍያው በዚህ ወር ይፈጸማል» ማለት ይቻላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ ምን እንደ ደረሰ፣ ምን እንደ ጎደለ፣ መቼ እንደሚያልቅ ተነግሯል። ሩቅ መንገድ በእግሩ የመጣ ሽማግሌ ከመንግሥት ሠራተኛ የሚጠብቀው ክብር ይህ ነው።

እንግዲህ አንባቢ በሰኔ መጨረሻ መዝገቡን ሲዘጋ ደረሰኞቹን ከቈጠረ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ ከነዚህ መካከል ገበሬውን «ደረሰልኝ» የሚያሰኙት ስንት ናቸው? ለመልመጃም «ደረሰ» የሚለውን ግሥ ከ«ለት»፣ ከ«ላት»ና ከ«ላቸው» ጋር እያረባ፣ ከገዛ ወረዳው ሥራ የተወሰዱ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ይጻፍ። በሚመጣው ሳምንት «ተመላሽ» የሚለውን ቃል እንመለከታለን።