ነርሷን «ታገሺ» ማለት መልስ አይሆንም

«ሥራውን የሚወድ ሰው አያማርርም» የሚል አባባል አለን። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ይሻሻልልን ብለው ሥራ ባቆሙ ጊዜም በመኝታ ክፍሎቻችን ይኸው ተባለ። እኔ ግን አባባሉ ከሥሩ የተበላሸ ይመስለኛል።

ለመሆኑ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ሥራዋ ምንድር ነው? (ወንዶቹም ብዙ ናቸው፤ ለአጻጻፍ እንዲቀል ነው።) መርፌ ትወጋለች፤ ግሉኮስ ትሰቅላለች፤ የደም ግፊት ለክታ ትመዘግባለች። መድኃኒት ሲጠፋ «ከውጭ ግዙ» ብላ ለአስታማሚው የምትናገረው እርሷ ናትና፥ ያላጠፋችው ጥፋት ስድቡ የእርሷ ነው። መስቀል ደርሶ ጉራጌ ሁሉ ከያለበት ወደ አገሩ ሲገባ፥ ክትፎው ሲቀርብ፥ ተረኛዋ ከዋርድ አትወጣም፤ እንዲያውም በመንገድ የተጋጨው መኪና ቁስለኛ ወደ እርሷ ይመጣል።

ሻውፌሊና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ለሥራ መትጋትን በሦስት ነገር ለኩት፤ በብርታት፥ ራስን በመስጠትና በሥራው በመመሰጥ። ዴሜሩቲና ጓደኞቿ ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፥ ሰውን የሚያደክመው የሥራው ጫና ሲሆን ልቡን ከሥራው የሚያርቀው የድጋፍ መጓደል ነው። የአለቃ እገዛ፥ የሥራ መሣሪያ፥ በራስ ሥራ ላይ የመወሰን ሥልጣን ማለት ነው። እንግዲህ ትጋት ከነርሷ ባሕርይ ብቻ የሚቀዳ አይደለም፤ «ታገሺ» ስንላት የእኛን ድርሻ በእርሷ ላይ መጫናችን ነው።

«መንግሥት ገንዘብ የለውም» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ይሁን፤ ደመወዙን ለጊዜው እንተወው (የተራበ ሰው እንደማይተጋ ግን እያወቅን)። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው። ለተረኛ ነርሶች ከሆስፒታሉ አጠገብ ማደሪያ መሥራት ከመንገድ ይከብዳልን? ከምሽቱ አራት ሰዓት በጨለማ ቆማ ባጃጅ የምትጠብቀውስ ለምንድር ነው? የሌሊቱን ተራ ነርሶቹ ራሳቸው ተመካክረው ቢያወጡት ደግሞ ሳንቲም አይጠይቅም።

እኛ ተማሪዎችስ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቡታጅራ ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት ሲቆጥር ብዙ ዓመት ቆይቷል። መቁጠር ካወቅን አንዲት ነርስ በአንድ ሌሊት ስንት በሽተኛ እንደምትይዝም እንቁጠርና በዚህ መጽሔት እናውጣው። በክረምቱ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የምትገቡ፥ ነርሶቹን አስፈቅዳችሁ ለመጀመር አንድ ደብተርና እርሳስ ይበቃችኋል።