ከትምህርት በኋላ የሚደርቅ ብሩሽ

በአገራችን አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ እርሱም ትምህርትን ከደወል ጋራ አብሮ መጨረስ ነው። ሥዕል የተማረ ወጣት የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሲያበቃ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ይሰቅላል፤ ብሩሹን ግን ሳያጥበው በጣሳ ውስጥ ይተወዋል። ከስድስት ወር በኋላ ወረቀቱ እንደ ነበረ ነው፤ ብሩሹ ግን እንደ እንጨት ደርቋል። እኔ በመምህርነት በኖርኩበት ዘመን ቀን ቋንቋ ሳስተምር ውዬ፣ ማታ ማታ ሥዕል ለሚወዱ ልጆች መሥመርና ቀለም አሳይ ነበርና፣ የምናገረው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

አቶ አለ ፈለገ ሰላም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ መሠረቱ፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤት መጀመሪያን ይሰጣል እንጂ ትጋትን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም። ገበሬ «አምና አርሼ ነበር» ብሎ ዘንድሮ ጎተራውን አይሞላም፤ ሠዓሊም «ተምሬ ነበር» ብሎ ሠዓሊ ሊባል አይገባውም። ክፍሉ ሲዘጋ ሥራውን የተወ ሰው፣ ቀድሞም ብሩሹን ያነሣለት የነበረው የመምህሩ ዓይን እንጂ የራሱ ፈቃድ አልነበረም።

«ከእንግዲህ የሚያርመኝ መምህር የለም» ይላሉ። ይህ ምክንያት መልክ ያለው ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ባዶ ነው። ከክፍል በኋላ የሚቀር አንድ መምህር አለ፤ ደመወዝም አይጠይቅም። እርሱም መጠን ነው።

እኔ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር የሚታደለን ወረቀት ሁሉ አንድ ልክ ነበር፤ ስለዚህ ዝሆንም ሳልን ዝንብ፣ ሁለቱ እኩል ያህሉ ነበር። በክፍል ውስጥ ልኩን የሚወስነው ወረቀት አዳዩ ነው። ከክፍል የወጣ ሰው ግን ልኩን ራሱ መወሰን አለበት፤ ሠዓሊነትም በዚህ ይጀመራል።

ልጄ ሆይ፤ አንድ ጀበና ቁመቷን 10 ሳንቲ ሜትር አድርገህ ሳል። አንገቷ 1 ሚሊ ሜትር ቢዛባ ማንም አያይብህም። ያንኑ ሥዕል አሳድገህ 1 ሜትር ብታደርገው ያችው ስሕተት 1 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች፤ በበር የገባ እንግዳ ሁሉ ያያታል። ቁመቱ 10 እጥፍ ሲያድግ ስፋቱ 100 እጥፍ ያድጋልና፣ በትንሹ ላይ እንደ ፈርጥ ያማረው ቀይ ቀለም በትልቁ ላይ ይጮኻል። ትንሹን የሠራው የእጅህ አንጓ ነበር፤ ለትልቁ ክንድህና ትከሻህ መነሣት አለባቸው፤ እየሠራህም ደጋግመህ ወደ ኋላ ራቅ ብለህ ማየት ይገባሃል። ከዚያ ደግሞ ትልቁን መልሰህ የክብሪት ቀፎ አሳክለው። ሁሉ አይገባምና የግድ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት ትጀምራለህ። ማሳደግ ስሕተትህን ያሳይሃል፤ ማሳነስ ትርፉን ያስጥልሃል። ከዚህ የበለጠ የሚያርም መምህር ከየት ይመጣል?

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በአንገት የሚንጠለጠል፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ተከፋች ሥዕል ሠርተዋል፤ ጨርቅ ላይ ሥለው በመቅደስ ግድግዳ ላይ የለጠፉትም ከሰው ቁመት በላይ ነው። በግድግዳው ላይ ያሉት ሰፋፊ ዓይኖችና ወፋፍራም ጥቁር መሥመሮች በጨለምለም ባለ ቤት ከሩቅ ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚበጁ ናቸው። ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌም በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ፣ 150 ካሬ ሜትር የሚያህል ባለ ሦስት ክፍል የመስታወት ሥዕል ትተውልን አልፈዋል። ሄደህ ከሥሩ ቁም። ዛሬ ወጣቱ ሥዕልን ሁሉ የሚያየው በእጅ ስልኩ ነው፤ በስልክ ላይ ግን ያ ግዙፍ መስታወትና ያች የአንገት ሥዕል እኩል ናቸው። መጠንን በስልክ የለመደ ዓይን በሰፈር ሚዛን ወርቅ እንደሚመዝን ሰው ነው።

«ቀለምና ሸራ ተወዷል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ተወዷል። ከሰል ግን ከምድጃ ይገኛል፤ የካርቶን ሣጥን ተተርትሮ ሲዘረጋ ሰፊ ነው፤ ሁለቱን ሦስቱን በዱቄት ሙጫ ብታያይዛቸው በር ያህላሉ። «ቤቴ ጠባብ ነው» ለሚለኝም መልስ አለኝ። ትንሹን ሥዕል በእኩል አራት ማዕዘኖች ከፋፍል፤ ትልቁንም በዚያው ቍጥር ከፋፍል፤ ከዚያ የቀረውን ጠቅልለህ አንድ አንዱን ማዕዘን በተራ ሥራ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ክፍሎች የሣሉት ባለሙያዎቻችን፣ ትልቅ ሸራ ከትንንሽ ሥራ እንደሚሞላ አሳይተውናል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሦስተኛው ምክንያት ነው። «ገዢ የሚፈልገው በሻንጣ የሚገባውን ነው» ይላሉ። ሠርቶ መሸጥ ነውር አይደለም፤ እንጀራ ነው። ነገር ግን የመንገደኛ ሻንጣ የሥዕል ዳኛ ሲሆን ሠዓሊው ሎሌ ሆኗል። ዓመቱን በሙሉ አንድ ልክ የሚሥል ሰው አንድ ቃል ብቻ እንደሚናገር ሰው ነው፤ ያችን ቃል አሳምሮ ቢላትም ንግግር አያውቅም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በየሳምንቱ ከመዳፍህ የማይበልጥ አንድ ሥዕል ሥራ፤ በየሦስት ወሩም ከነዚያ አንዱን መርጠህ ቁመትህን አሳክለው። ዓመት ሲሞላ 52 ትንንሽና 4 ትልልቅ ሥራ ይኖርሃል። በእያንዳንዱ ጀርባ ቀኑን ጻፍ። የከፋውንም አትቅደደው፤ የመስከረሙን ከነሐሴው አጠገብ ስታኖር ማን እንዳስተማረህ ታያለህ። ማንም አያመሰግንህ ይሆናል፤ ቤተ ሰዎችህም «ይህ ልጅ ካርቶን ይሰበስባል» ብለው ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ፤ ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው።

ዛሬ ማታ ያንን ጣሳ ፈልግ። ብሩሹ ጨርሶ ካልደረቀ እጠበው፤ ከደረቀም ከሰል አለልህ። ጀበናዋም ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላለች።