የጉዞ ካርድና የአውቶቡስ በር

ማለዳ ከጀሞ፣ ከለቡ ወይም ከላፍቶ ወደ ሜክሲኮና ለገሃር የሚጓዝ ሁሉ ሰልፍን አሳምሮ ያውቃል። ለዚህ ችግር መፍትሔው በማስጠጋት ብቻ የሚነበብ የጉዞ ካርድ እንደሆነ ይነገራል። አሳቡ መልካም ነው፤ ሆኖም በስሌት ሊመዘን ይገባል እንላለን።

በካርዱ ውስጥ ባትሪ የለም። አንባቢው መሣሪያ በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ በካርዱ ጥምዝ ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል፤ ቺፑም በዚሁ ኃይል ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2001 በቶኪዮ አገልግሎት የጀመረው ሱይካ የተሰኘው ካርድ ሒሳቡን በ0.2 ሰከንድ ገደማ ያጠናቅቃል፤ ለንደን ያስቀመጠችው ወሰን ደግሞ 0.5 ሰከንድ ነው።

60 ሰዎች በአንድ በር ቢሳፈሩ የእነዚህ የሁለቱ ፍጥነቶች ልዩነት 18 ሰከንድ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ በሩን እናስብ። እያንዳንዱ ሰው ዝርዝር ፈልጎ፣ ከፍሎ፣ መልስ እስኪቀበል 5 ሰከንድ ቢፈጅ ጠቅላላው 5 ደቂቃ ይሆናል። ካርድ ኖሮ ደረጃውን ለመውጣት 2 ሰከንድ ቢበቃ 2 ደቂቃ፤ ሁለተኛ በር ቢከፈት 1 ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ስለዚህ ከቺፑ ፍጥነት ይልቅ የበሩ ቁጥር ይበልጣል።

መዘግየት ራሱን ያባዛል። የዘገየ አውቶቡስ በቀጣዩ ፌርማታ ብዙ ሰው ይጠብቀዋል፤ ያን ሁሉ ሲያሳፍር ይበልጥ ይዘገያል፤ ተከታዩም ባዶውን ይደርስበታል።

የሚኒባስ ታክሲ ረዳት ይህን ጥበብ ያለ ቺፕ ያውቀዋል፤ ሒሳብ የሚሰበስበው መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነውና። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና በንፋስ ስልክ የሚያልፈው ቀላል ባቡርም ትኬቱን ከባቡሩ ውጭ በመሸጥ ክፍያን ከበሩ አርቆ ነበር የተነሣው።

ዋናው ችግር የአውቶቡስ እጥረት ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን በየፌርማታው የሚተርፉት ደቂቃዎች ሲደመሩ አዲስ አውቶቡስ ሳይገዛ ተጨማሪ ምልልስ ያስገኛሉ።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይታሰቡ። አንደኛ፣ አንባቢው መሣሪያ በሁሉም በር ወይም በፌርማታው ላይ ይተከል። ሁለተኛ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሰልፉ እንዳይቆም ቀሪ ሒሳቡ በካርዱ ላይ ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው እናቶችና አባቶች ካርዱን በየሰፈሩ ሱቅ በጥሬ ገንዘብ ይሙሉ። ይህ ካልተሟላ ካርዱ የድሮውን ሰልፍ በአዲስ መሣሪያ ፊት ከማሰለፍ አያልፍም።